የማርቆስ ብላቴና



በተወለድሁ በ40 ቀኔ ክርስትና ስነሣ የወጣልኝ ስም ገብረ ማርቆስ ነው። ሰው ሁሉ የሚጠራኝ በሌላ ስም ስለሆነ፣ ይህን ስሜን የምሰማው ስቆርብና ጸሎት ሲደረግልኝ ብቻ ነው። ልጅ ሳለሁ አያቴን «እማማ፣ ማርቆስ ማለት ምን ማለት ነው?» ብዬ ጠየቅኋት። ጥጥ እየፈተለች ነበር፤ እንዝርቷን ሳታቆም «ማርቆስማ ማርቆስ ነው፤ ወንጌላዊው ነዋ!» አለችኝ። እኔ የፈለግሁት ፍቺ ነበር። መልሷ ጎዶሎ መስሎኝ ብዙ ዓመት ኖርሁ። አድጌ የስሙን ምንጭ ስከታተል ከሮም ገበሬ ማሳ፣ ከባሪያ ቤት፣ ከሸንጎ ውሳኔ፣ ከእስክንድርያ ጎዳና ደረስሁ። ከዚህ ሁሉ በኋላ አያቴ ከመዝገበ ቃላቱ ይልቅ ለእውነቱ ቀርባ እንደ ነበር ገባኝ። ዛሬ ያንን መንገድ አብረን እንሂድ። «ዓ.ም.» ካላልሁ በቀር ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ስሙልኝ።

ከድምፁ ልጀምር። በሮማውያን አፍ ስሙ ማርኩስ ነበር፤ የመጀመሪያዋ «ማ» ረዘም ትላለች። ይህንን ያወቅነው፣ ግሪኮች ስሙን በድንጋይ ላይ ሲቀርጹ አንዳንድ ጊዜ የ«አ»ን ድምፅ ደግመው ስለ ጻፉት ነው። ወደ እኛ የደረሰው በእነዚሁ በግሪኮች በኩል ነው። መጨረሻው ላይ ያለችው «ኦስ» የእነርሱ ናት። የግእዝ ተርጓሚዎቻችን ደግሞ የግሪኩን ካፓ በ«ቀ» መቀበል ልማዳቸው ነበር። ሉቃስ፣ ቂርቆስ፣ ቆሮንቶስ፣ ቆጵሮስ የምንለው በዚሁ ምክንያት ነው። እናም የሮማውያኑ ስም በእኛ አገር አንድ ሮማዊ ቢታገል ሊያወጣው የማይችል፣ ከጉሮሮ የሚፈነዳ «ቆ» አገኘ። እኔ ይህችን «ቆ» በጣም እወዳታለሁ። ስሙ እንግዳ ሆኖ መጥቶ የቤት ልጅ የሆነው በእርሷ ነው።

ወደ ሥሩ ስንወርድ የምናገኘው ማርስን ነው። የቋንቋ አጥኚዎች ማርኩስ «የማርስ» ወይም «ለማርስ የተሰጠ» የሚል ፍቺ እንዳለው ይናገራሉ። በደቡብ የሚኖሩት ኦስካውያን ይህንኑ አምላክ ማሜርስ ይሉት ስለ ነበር፣ ከእነርሱ ወገን ማሜርኩስ የሚል ስም ተገኝቷል፤ ሁለቱ ስሞች ዘመዳሞች ናቸው። ማርስ ሲባል ዛሬ የሚታሰበን ጦር የነቀነቀ ተዋጊ ብቻ ነው። የጥንቱ የሮም ገበሬ ግን ማርስን የሚያውቀው በማሳው ዳር ነበር። ካቶ የተባለው የሮም ሹም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው ክፍለ ዘመን በጻፈው የግብርና መጽሐፍ ውስጥ አንድ ሥርዓት ሰፍሮ እናገኛለን። ገበሬው አሳማ፣ በግና ወይፈን በእርሻው ዙሪያ አስዞሮ ይሠዋል፤ ማርስንም በሽታን እንዲመልስለት፣ እህሉንና ወይኑን እንዲያፋፋለት፣ እረኞቹንና ከብቱን እንዲጠብቅለት ይለምናል። ጦር የያዘው አምላክ የቆመው ለዘብ ነው፤ አዝመራውን ከሚያጠፋ ሁሉ ይከላከላል። ልጁን ማርኩስ ያለ አባት የሚያስበው ስለ ጦር ሜዳ ብቻ ነበር ማለት ስሕተት ይመስለኛል።

ማርች የሚባለው የአውሮፓውያን ወርም የዚሁ አምላክ ነው። በጥንቱ የሮም አቆጣጠር የዓመቱ መጀመሪያ እርሱ ነበር፤ ሴፕቴምበር «7ኛ» የሚል ስም ይዞ 9ኛ ወር ላይ የተቀመጠው ስለዚህ ነው። ስለ ስሞች የተጻፈ አንድ የጥንት ጽሑፍ፣ ማርኩስ የሚባለው በዚህ ወር የተወለደ ልጅ እንደ ነበር ይናገራል። መጀመሪያ ላይ እንደዚያ ሆኖ ሊሆን ይችላል። በኋላ ግን ማርኩሶች በ12ቱም ወር ይወለዱ ነበር፤ ስሙ ከአያት ለልጅ ልጅ የሚተላለፍ የቤት ዕቃ ሆነ።

እስቲ አንድ ነገር ቀረብ ብለን እንይ። ሮም ከተማ ፓንቴዎን ከሚባለው ሕንፃ ፊት ቆሞ ቀና ያለ ሰው፣ ከዓምዶቹ በላይ በትልልቁ የተቀረጸ ጽሑፍ ያያል። መጀመሪያው ላይ ያለችው «ኤም» የምትባለው የላቲን ፊደል ናት፤ ብቻዋን ቆማ ከኋላዋ ነጥብ አለባት። ይህች አንዲት ፊደል «ማርኩስ» ተብላ ትነበባለች። ቀጥሎ አግሪፓ ይላል፤ ከዚያም በሁለት ፊደል የሉኪዩስ ልጅ መሆኑን፣ ለ3ኛ ጊዜ ቆንሱል የተባለው ከፍተኛ ሹም ሆኖ ሕንፃውን ማሠራቱን ይነግረናል። ዛሬ የምናየው ሕንፃ አግሪፓ ከሞተ ከ100 ዓመት በላይ ቆይቶ እንደ ገና የተሠራ ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ሐድሪያን ግን በፊቱ ላይ የራሱን ስም ትቶ የአግሪፓን አኖረ።

አንድ ሰው በአንዲት ፊደል እንዴት ይጠራል? የሮማውያን የግል ስም እጅግ ጥቂት ስለ ነበረ ነው። በሪፐብሊኩ መጨረሻ ዘመን በተለምዶ የሚሠራበት የወንድ የግል ስም 18 ያህል ብቻ ነበር፤ ማርኩስ፣ ሉኪዩስና ጋይዩስ ከሁሉም የበዙት ናቸው። «ኤም» ብቻዋን ከሆነች ማርኩስ ናት፤ ጫፏ ላይ ትንሽ ምልክት ከተጨመረባት ደግሞ ማኒዩስ ትሆናለች። የእኛ እናት ልጇን ስትወልድ ደስታዋን፣ ኀዘኗን፣ ምኞቷን በስም ታወጣለች፤ ትዕግሥት፣ ማስረሻ፣ ካሣ፣ በላቸው። ሮማዊው አባት ይህን ዕድል አላገኘም። ወንድ ልጁን በ9ኛው ቀን አንጽተው ስም ሲያወጡለት ከ18ቱ አንዱን ይመርጣል፤ ብዙ ጊዜም የሚመርጠው የራሱን ነው። ለሴት ልጅ ይህም አልነበረም፤ በወገኗ ስም ብቻ ትጠራለች። ቱልዩስ የሚባል ሰው ልጅ ቱልያ ናት፤ እኅት ብትወለድላትም ያችም ቱልያ ናት።

ከግል ስም ቀጥሎ የወገን ስም ይመጣል፤ ለብዙዎች ሦስተኛ፣ ከቅጽል የተወለደ ስምም ነበራቸው። የታላቁን የንግግር ሰው የማርኩስ ቱልዩስ ኪኬሮን ስም እንይ። አባቱ ማርኩስ፣ አያቱ ማርኩስ፣ እርሱ ማርኩስ፣ ልጁም ማርኩስ ነው። ኪኬሮ የሚለው ከሽምብራ ስም የመጣ ነው፤ የታሪክ ጸሓፊው ፕሉታርክ እንደሚተርከው ከቅድመ አያቶቹ የአንዱ አፍንጫ ጫፉ እንደ ሽምብራ ፍሬ የተሰነጠቀ ነበር። ወዳጆቹ ወደ ሹመት ሲገባ ይህን ስም እንዲጥለው መክረውት እንቢ አለ፤ እንዲያውም ከታላላቆቹ ቤቶች ስም በላይ አስከብረዋለሁ ብሎ ተነሣ። በሲሲሊ ሹም ሳለ ለአማልክት የብር ዕቃ ሲያስገባ «ማርኩስ» እና «ቱልዩስ» የሚሉትን በፊደል አስቀረጸ፤ በሦስተኛው ስም ቦታ ግን አንጥረኛው ሽምብራ እንዲቀርጽለት አደረገ።

የነፃው ሰው ስም እንዲህ ነው። የባሪያውስ? በዚህ ላይ ትንሽ እንቆያለን፤ ነገሩ እኔን የሚነካኝ ነውና። በጥንቷ ሮም፣ አንድ ቤት አንድ ወይም ሁለት ባሪያ ብቻ በነበረው ጊዜ፣ ባሪያው የራሱ ስም አልነበረውም። የማርኩስ ባሪያ ማርኪፖር፣ የሉኪዩስ ባሪያ ሉኪፖር ይባላል። «ፖር» የሚለው ጭራ «ፑኤር» ከሚል ቃል ያጠረ ነው፤ ልጅም ማለት ነው፣ አገልጋይም ማለት ነው። በአማርኛ «ብላቴና» የምንለው ሁለቱን ትርጉም እንደሚይዝ ማለት ነው። ማርኪፖር እንግዲህ የማርቆስ ብላቴና ነው። ይህን መጀመሪያ ያነበብሁ ቀን መጽሐፉን ዘግቼ ቆየሁ። የእኔ ስም ገብረ ማርቆስ ነዋ! ቃል በቃል ሲተረጎም አንድ ነው። አንዱን ስም ጌታ በባሪያው ላይ ጫነው፤ ሌላውን አያቴ ቤተ ክርስቲያን ይዛኝ ሄዳ ለእኔ በረከት ብላ ተቀበለችው። በእነዚህ በሁለቱ መካከል የሆነው ነገር ነው የስሙ ታሪክ።

ባሪያው ነፃ ሲወጣ የጌታውን የግል ስምና የወገን ስም ይወስዳል። የኪኬሮ ጸሓፊ የነበረው ቲሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ53 ዓመት ነፃ ወጣና ማርኩስ ቱልዩስ ቲሮ ሆነ። በስሙ የሚጠራው የአጭር ጽሕፈት ዘዴ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲሠራበት ኖሯል፤ የኪኬሮን ደብዳቤዎች ጠብቀው ለእኛ ካቆዩት ሰዎችም ዋናው እርሱ ነው ይባላል። ማርኩስ የሚለው ስም እንዲህ ከባላባት ቤት ወደ ነፃ ወጪዎች ቤት ይወርድ ነበር።

ይህ ሁሉ ሰው የሚጠራበት ስም ሁለት ጊዜ ተከልክሏል። የመጀመሪያው ታሪክ የማርኩስ ማንልዩስ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ390 ዓመት ገደማ ጋሎች ሮምን ወርረው ካፒቶል በተባለው አምባ ላይ የቀሩትን ሲከቡ፣ በሌሊት ገደሉን ይወጡ ጀመር። ጠባቂዎች ተኝተው ሳለ ዝይዎች ጮኹ፤ ማንልዩስ ነቅቶ የመጀመሪያውን ወራሪ ገፍትሮ ጣለው ይባላል። ኋላ ይኸው ሰው በዕዳ ለተያዙ ድሆች ተከራከረ፤ ተቃዋሚዎቹም ንጉሥ ሊሆን ያሤራል ብለው ከሰሱት፤ ባዳነው አምባ ላይ ካለው ገደል ወርውረው ገደሉት። ይህ የሆነው በ384 ነው። ከዚያ በኋላ ወገኖቹ ተሰብስበው ከማንልዩስ ቤት ማንም ማርኩስ ተብሎ እንዳይጠራ ቆረጡ። ሰውየው በደለኛ ይሁን ተበዳይ ዛሬም ያከራክራል፤ እኔ ግን ለድሆቹ መከራከሩ እንዳስገደለው አልጠራጠርም። ለማንኛውም ወገኖቹ የፈሩት የስሙን ፍቺ አልነበረም፤ ማርስ በማንልዩሶች ቤት እንደ ቀድሞው ይመለክ ነበር። የፈሩት ስሙን ተሸክሞ የነበረውን ሰው ነው።

ሁለተኛው ክልከላ የመላው ሸንጎ ነው። ለዚህ የሪፐብሊኩን መጨረሻ ማሰብ አለብን፤ ያ ዘመን የማርኩሶች ዘመን ነበርና። ዩልዮስ ቄሳርን ከገደሉት ዋናው ማርኩስ ብሩቱስ ነው፤ በፊልጵስዩስ ተሸንፎ ሞተ። ከቄሳር ሞት በኋላ ሥልጣኑን ከተካፈሉት ከሦስቱ ሁለቱ ማርኩስ ሌፒዱስና ማርኩስ አንቶንዩስ ናቸው። አንቶንዩስ፣ ኪኬሮ በሸንጎ ፊት በተከታታይ ንግግር ስለ ነቀፈው ቂም ያዘበት፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ43 ዓመት ታኅሣሥ 7 ቀን ገዳዮቹ በመንገድ ደርሰውበት አንገቱን ቆረጡት። ጭንቅላቱና የጻፈባት እጁ፣ ሕዝቡን ሲያናግርበት በነበረው መድረክ ላይ ተሰቀሉ። ከ12 ዓመት በኋላ አንቶንዩስና ክሊዮፓትራ በአክትየም የባሕር ጦርነት ሲሸነፉ፣ የጠላታቸውን መርከቦች የመራባቸው የፓንቴዎኑ ማርኩስ አግሪፓ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ30 ዓመት አንቶንዩስ በእስክንድርያ ሰይፉ ላይ ወድቆ ሞተ።

ወሬው ሮም ሲደርስ ሸንጎው ሐውልቶቹ እንዲነሡ፣ ክብሩ ሁሉ እንዲሰረዝ ወሰነ፤ ከእንግዲህ ከአንቶንዩስ ወገን ማንም ማርኩስ ተብሎ እንዳይጠራም ደነገገ። በዚያን ጊዜ በቆንሱልነት ወንበር ላይ የነበረው ማን ነው? የኪኬሮ ልጅ ነው። እርሱም ማርኩስ ነው! የአባቱን ገዳይ ስም ከወገኑ የሚፍቀው ሰው ያንኑ ስም ይዞ ተቀምጧል። ፕሉታርክ የኪኬሮን ታሪክ የደመደመው በዚህ ነው። አንዱን ስም ለአንዱ ቤት እርግማን፣ ለሌላው ቤት ርስት ያደረገው፣ ሰው እንጂ ማርስ አይደለም።

እስክንድርያን ልብ በሉልኝ። ማርኩስ የሚለው ስም የተዋረደባት ከተማ ናት። ያ ሰው ከሞተ 100 ዓመት ሳይሞላ ሌላ ማርቆስ ይገባባታል።

ይህኛው የኢየሩሳሌም ልጅ ነው። የዕብራይስጥ ስሙ ዮሐንስ ነው፤ የሐዋርያት ሥራ ማርቆስ የተባለው ዮሐንስ ይለዋል። በሮም ግዛት የሚኖሩ አይሁድ ለቤታቸው አንድ፣ ለውጭው ዓለም አንድ ስም መያዛቸው የተለመደ ነበር፤ ሳውልና ጳውሎስ እንደሚባለው። ጳውሎስም የላቲን ስም ነው፤ «ትንሽ» ማለት ነው። ማርቆስ ያንን ስም እንዴት አገኘ የሚለውን መጽሐፉ አይነግረንም። በወንጌሉ ውስጥ ግን ሮም እዚህም እዚያም ትሰማለች። በመቃብር ስፍራ የሚኖረው ሰው ስሜ ሌጌዎን ነው ሲል የሚናገረው የሮምን የጦር ክፍል ስም ነው። ድኻዋ መበለት በመዝገቡ የጣለቻቸውን ሁለት ሳንቲሞች ዋጋ፣ የግሪኩ ጽሑፍ ኳድራንስ በሚባለው የሮም ገንዘብ ያስረዳል። በመስቀሉ ሥር የቆመውንም የመቶ አለቃ፣ ማቴዎስና ሉቃስ በግሪክኛ ቃል ሲጠሩት ማርቆስ ከላቲን በተወሰደው ኬንቱርዮ ይጠራዋል።

የሰውየው የራሱ ታሪክ ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል፤ በውድቀት ይጀምራልና። ጳውሎስንና በርናባስን ለማገልገል አብሮ ወጣ፤ ጴርጌ ሲደርሱ ትቷቸው ወደ ኢየሩሳሌም ተመለሰ። ለሁለተኛው ጉዞ በርናባስ እንውሰደው ሲል ጳውሎስ ጥሎን የሄደ ሰው አይሆንም አለ፤ በዚህ ተጣልተው ሁለቱ ታላላቅ ሐዋርያት ተለያዩ። በርናባስ የአጎቱን ልጅ ይዞ ወደ ቆጵሮስ ሄደ። ብዙ ዘመን አልፎ በጢሞቴዎስ ሁለተኛ መልእክት ውስጥ፣ ያው ጳውሎስ በእስር ቤት ሆኖ ሞቱን ሲጠብቅ ማርቆስን ይዘህልኝ ና፣ ለአገልግሎት ይጠቅመኛል ብሎ ይልካል። ማንልዩሶች የሰውን ጥፋት ለመቅጣት ስሙን ቀበሩ፤ እዚህ ግን ጥሎ የሄደው ሰው በስሙ ተጠርቶ ተመለሰ።

የቤተ ክርስቲያን ትውፊት እንደሚለው ማርቆስ ወንጌልን ወደ እስክንድርያ አገባ፤ በመጨረሻም በዚያችው ከተማ ጎዳናዎች ላይ በገመድ ተጎትቶ በሰማዕትነት ዐረፈ። እኛም በሚያዝያ 30 እናከብረዋለን። ክሊዮፓትራ ያስጀመረችው፣ በኋላ የቄሳር መቅደስ የተባለው ታላቅ ሕንፃ ደግሞ በ4ኛው ክፍለ ዘመን የከተማይቱ ሊቃነ ጳጳሳት ቤተ ክርስቲያን ሆነ፤ እነርሱም ወንበራቸውን መንበረ ማርቆስ ይሉታል።

በሮም በኩል ያለውን ቶሎ ልለፈው። ፈላስፋው ንጉሥ ማርኩስ አውሬልዩስ ከ161 እስከ 180 ነገሠ። በ212 ካራካላ፣ በመንግሥት ስሙ እርሱም ማርኩስ አውሬልዩስ አንቶኒኑስ ነው፣ በግዛቱ ላሉት ነፃ ሰዎች ከሞላ ጎደል ለሁሉም የሮም ዜግነት ሰጠ፤ አዲሶቹ ዜጎችም የንጉሡን ስም ወሰዱ። ከዚያ ወዲህ ባለው የግብፅ ፓፒሩስ ላይ የግብፅ ስም ያላቸው ገበሬዎች ሁሉ አውሬልዩስ ተብለው ይመጣሉ። ስም ሁሉም ሲይዘው ሰውን ከሰው መለየቱን ይተዋል። የሮማውያን የግል ስም ሥርዓት ተዳክሞ በ4ኛው ክፍለ ዘመን ከሞላ ጎደል ጠፋ። ማርኩስም ለማርስ የነበረውን ትዝታ ይዞ በዚያው ይጠፋ ነበር፤ ያቆየው ያ ከጴርጌ የተመለሰው ሰው ነው። ቬኒስም የእርሱን አንበሳ በባንዲራዋ ላይ ያደረገችው፣ ነጋዴዎቿ በ828 ዐፅሙን ከእስክንድርያ አውጥተው ስለ ወሰዱ ነው። የእስላም ቀራጮች እንዳይነኩት በአሳማ ሥጋ ሸፍነው አሳለፉት ይባላል።

ስሙ ወደ አገራችን የመጣው በማርቆስ መንበር በኩል ነው። የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት አትናቴዎስ በ4ኛው ክፍለ ዘመን ፍሬምናጦስን ጳጳስ አድርጎ ወደ አክሱም ላከው፤ ከዚያ ወዲህ 1,600 ዓመት ያህል ጳጳሳችን ከማርቆስ መንበር ሲላክ ኖረ። ዓድዋ አጠገብ ባለው በአባ ገሪማ ገዳም ከሚገኙት ጥንታውያን ወንጌሎች በአንዱ፣ ማርቆስ እንደ ጳጳስ በዙፋን ላይ ተቀምጦ በጎኑ ተሥሏል። ሠዓሊው ወንጌል ጸሓፊውን ሲያስብ ወንበሩን አብሮ ያሰበ ይመስለኛል። ሰኔ 21 ቀን 1951 ዓ.ም. በካይሮ በቅዱስ ማርቆስ ካቴድራል አቡነ ባስልዮስ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፓትርያርክ ሆኑ። ሮም ከዐፅሙ የተወሰነውን ለግብፅ ስትመልስ፣ ሰኔ 18 ቀን 1960 ዓ.ም. በካይሮ በተከፈተው አዲሱ የማርቆስ ካቴድራል በዓል ላይ ፕሬዚዳንት ናስርና ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ተገኝተዋል።

አያቴ እነዚህን አንዱንም አታውቅም ነበር። የእርሷ ማርቆስ የጎጃሙ ነበር። በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘመን የቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ሲተከል መንቆረር የተባለችው ከተማ ስሟን ለቅቃ ደብረ ማርቆስ ሆነች። አያቴን ይዤ ወደዚያ የሄድሁ ጊዜ ገና ጎሕ ሳይቀድ መናኸሪያው ደረስን። ረዳቱ በአውቶቡሱ በር ላይ ተንጠልጥሎ «ማርቆስ! ማርቆስ! ማርቆስ! ሁለት ሰው!» ይጣራል። አያቴ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ስሙ በተጠራ ቁጥር ራሷን ዝቅ ታደርግ ነበር። ከዚያ እጄን ይዛ «ና ገብረ ማርቆስ፣ እንሳፈር» አለችኝ።